“አፕ” ሁልጊዜ “ላይ” አይደለም፦ ትንሿን የእንግሊዝኛ ቃል ደረጃ በደረጃ መልመድ

እንግሊዝኛ መማር ስጀምር ያነበብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አሁንም ትዝ ይለኛል። “ሂ ጌቭ አፕ” ይላል። “ጌቭ” ሰጠ ነው፣ “አፕ” ደግሞ ላይ። ደብተሬ ላይ “ወደ ላይ ሰጠ” ብዬ ጻፍኩ። ምኑን እንደሰጠ፣ ላይ ሆኖ የተቀበለው ማን እንደሆነ ግን ግራ ገባኝ። ዓረፍተ ነገሩ “ተስፋ ቆረጠ” ማለት ነበር። ሁለቱንም ቃላት አውቃቸዋለሁ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ሌላ ነገር ሆኑብኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እንግሊዝኛ ሲያጠና አይቻለሁ። ረጃጅሞቹ ቃላት ያን ያህል አያስቸግሩም። መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ ትርጉሙ ይገኛል፣ ያልቃል። የሚያደክሙት አጫጭሮቹ ናቸው። ለእኔ ደግሞ ከሁሉም የባሰችው ይህችው “አፕ” ነች።

ችግሩ የሰነፍ ተማሪ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶታል። እንግሊዞች ከግስ ኋላ ትንሽ ቃል እያስከተሉ ትርጉሙን ይለውጣሉ፤ ለውጭ አገር ሰው ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው ብሎ ጽፏል።

እኔ ግን አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ቃል ጥሩ መክፈቻ በእጁ አለው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት መክፈቻ ነው። ከታች ያለው አካሄድ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። አንድ ደብተርና በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃችኋል።

መጀመሪያ፦ የትኛዋ “አፕ”?

በአማርኛ ስንጽፋቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት ቃላት አሉ። አንዷ የስልኳ “አፕ” ነች፤ “አፕሊኬሽን” የሚለው ቃል ሲያጥር የመጣች። የእኛዋ ሌላ ነች። በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጻፈው በ“ዩ” እና በ“ፒ” ብቻ ነው።

አነባበባቸውም ይለያያል። የእኛዋን ስትሉ አፋችሁ ብዙ አይከፈትም፤ “አለ” ስንል መጀመሪያ ላይ እንደምትሰማው አጭር “አ” ነች። የስልኳን ስትሉ ግን አፍ ሰፋ ይላል፤ ድምፁ በ“አ” እና በ“ኤ” መካከል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዋትስአፕ ስሙን ያገኘው በእነዚህ በሁለቱ መመሳሰል ነው። “ዋትስ አፕ?” ማለት “ምን አዲስ ነገር አለ?” ነው። መሥራቾቹ የኛን “አፕ” አውጥተው የስልኳን አስገቡበት።

ደረጃ 1፦ “አፕ”ን ከግሱ አትነጥሉ

“ዝም አለ” የሚለውን አስቡ። “አለ” ማለት ተናገረ ማለት ነው። “ዝም አለ” ግን አልተናገረም ማለት ነው። አማርኛ ለሚማር የውጭ አገር ሰው ይህንን ማስረዳት ሞክሩ። ሁለቱን ለየብቻ ተርጉሞ ቢደምራቸው የትም አይደርስም። እኛ ግን “ዝም አለ”ን ቆራርጠን አናውቅም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንደ አንድ ቃል ነው የያዝነው።

“ብድግ አለ”፣ “ቁጭ አለ”፣ “ቀና አለ”፣ “ብቅ አለ”፣ “ፈጠን አለ” የሚሉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። መክፈቻ ያልኩት እነዚህን ነው። እንግሊዝኛም በ“አፕ” የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። እስቲ ጎን ለጎን እንያቸው። “ስታንድ አፕ” ብድግ በል ነው። “ሸት አፕ” ዝም በል፣ “ሀሪ አፕ” ፈጠን በል፣ “ስፒክ አፕ” ጮክ በል፣ “ቺር አፕ” ቀና በል ወይም በልጆቹ አነጋገር ፈታ በል።

አንድም ቦታ “ላይ” የሚል ቃል አላስፈለገንም። የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስታነቡ “አፕ”ን ብቻዋን አታስምሩባት። ከፊቷ ካለው ግስ ጋር አንድ ላይ ክበቧቸው። ትርጉም ስትጽፉም “ላይ” ከማለታችሁ በፊት በ“አለ” ወይም በ“አደረገ” የሚያልቅ አማርኛ ፈልጉላት።

ደረጃ 2፦ አውጧት፣ ምን እንደጎደለ እዩ

አዲስ ጥንድ ሲገጥማችሁ “አፕ”ን በጣታችሁ ሸፍኑና ዓረፍተ ነገሩን ድጋሚ አንብቡ። ከሦስት አንዱ ይሆናል።

አንዳንዴ ምንም አይጎድልም ማለት ይቻላል። “ዌክ” እና “ዌክ አፕ” ሁለቱም ነቃ ናቸው። በንግግር ግን “ዌክ አፕ” ይቀናቸዋል። እንዲህ ዓይነቱ ላይ ጊዜ አታባክኑ።

አንዳንዴ ዋናው ሐሳብ ይቀርና ለዛው ይጎድላል። “ድሪንክ” ጠጣ ነው፣ “ድሪንክ አፕ” ጭልጥ አደረገ። ግሱ አልተለወጠም። “አፕ” የጨመረችው “ጭልጥ”ን ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ትርጉሙ ጨርሶ ይጠፋል። “ጊቭ” ሰጠ፣ “ጊቭ አፕ” ተስፋ ቆረጠ ወይም ተወ። “ፑት” አስቀመጠ፣ “ፑት አፕ ዊዝ” ታገሠ፣ ቻለ። እነዚህን እንደ አዲስ ቃል ሸምድዱ። ምክንያት ፍለጋ ብዙ አትድከሙ።

የሚገርመው ብዙዎቹ ጥንዶች የሚወድቁት መካከለኛው ውስጥ ነው። መካከለኛውን ደግሞ መሸምደድ አያስፈልግም። “አፕ” በቤተሰብ በቤተሰብ ስለምትሄድ ቤተሰቡን ካወቃችሁ ያላያችሁትን ጥንድ ሳይቀር መገመት ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ በቤተሰብ መድቧቸው

ደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ስጡ። በፊደል ተራ አትጻፉ፤ በፊደል ተራ የተጻፈ ዝርዝር ትርጉም ከትርጉም ጋር አያገናኝም።

መነሣትና ከፍታ። ይህ ቀላሉ ነው። “ጎ አፕ”፣ “ክላይምብ አፕ”፣ “ፒክ አፕ”፣ “ጌት አፕ”፦ ወጣ፣ ተንጠላጠለ፣ አነሳ፣ ተነሳ። ከመኝታ መነሣትም እዚሁ ይገባል። “ስቴይ አፕ” ሲሉ አምሽቶ አለመተኛት ነው። “አር ዩ አፕ?” ደግሞ ነቅተሃል ወይ?

እዚህ ገጽ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። እንግሊዝኛ “አፕ” ያለበት ሁሉ ዳገት አይደለም። “አፕ ዘ ሮድ” ሲሉ መንገዱ ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያ ራቅ ብሎ ማለታቸው ነው። “አፕ ኖርዝ” የሚሉት ካርታ ላይ ሰሜን ከላይ ስለሚሳል ነው። በእንግሊዝ የባቡር ሐዲድ ደግሞ ወደ ለንደን የሚሄደው መስመር “አፕ” ይባላል፣ ከለንደን የሚወጣው “ዳውን”። ከሰሜን ቁልቁል ወደ ለንደን የሚመጣው ባቡር ሳይቀር “አፕ” ነው። ከፍ ያለው መሬቱ ሳይሆን ከተማዋ ነች።

መጨመር። ዕቃ ውስጥ ውሃ ስትጨምሩ የውሃው ልክ ከፍ ይላል። “ብዙ” እና “ከፍ” እንዲህ አብረው ስለሚሄዱ ነው ብዙ ቋንቋ የሚያቆራኛቸው። እኛም “ዋጋው ከፍ አለ”፣ “ድምፅህን ከፍ አድርግ” እንላለን። ስለዚህ “ስፒድ አፕ” ፍጥነት ጨመረ፣ “ሂት አፕ” ሞቀ፣ “ተርን ኢት አፕ” ድምፁን ከፍ አድርገው መሆኑ አይገርምም። “ግሮው አፕ” አደገ ነው። ትልቅ ሰው ላይ “ግሮው አፕ!” ከተባለ ደግሞ “ልጅ አትሁን” የሚል ቁጣ ነው።

መጨረስ። እዚህ ጋ ቆም እንበል። የ“አፕ” ውበቷ ያለው እዚህ ነው፣ አማርኛም የሚያበራው እዚህ ነው።

“ኢት” በላ ነው፣ “ኢት አፕ” ሙልጭ አድርጎ በላ። “ዩዝ” ተጠቀመ፣ “ዩዝ አፕ” ሙጥጥ አድርጎ ጨረሰ። “ፊል” ሞላ፣ “ፊል አፕ” ጢም አድርጎ ሞላ። “ድራይ” ደረቀ፣ “ድራይ አፕ” ድርቅ አለ። “ቴር” ቀደደ፣ “ቴር አፕ” ብጭቅጭቅ አደረገ። “ክሊን” አጸዳ፣ “ክሊን አፕ” ጽድት አደረገ። “ታይ” አሰረ፣ “ታይ አፕ” ጥፍር አድርጎ አሰረ።

ሙልጭ፣ ሙጥጥ፣ ጢም፣ ድርቅ፣ ጥፍር። እኛ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቃል ሰጥተነዋል። እንግሊዝኛ ሁሉንም ለአንዲት “አፕ” አሸክሞታል። እኔ በበኩሌ ይህን ሳይ ስለ እንግሊዝኛ ከተማርኩት ይልቅ ስለ አማርኛ የተማርኩት ይበልጥብኛል።

ይህን ቤተሰብ መለያው ቀላል ነው። ከዓረፍተ ነገሩ ኋላ “ግን ትንሽ ተረፈ” ብላችሁ ጨምሩ። “ውሃውን ጠጣ፣ ግን ትንሽ ተረፈ” ያስኬዳል። “ውሃውን ጭልጥ አደረገው፣ ግን ትንሽ ተረፈ” አይጥምም። “አፕ” የመጨረስ ሥራ ላይ ከሆነች በእንግሊዝኛም እንዲሁ አይጥምም።

ከዚህ ሌላ ደንብ ይወጣል። ማለቂያ የሌለው ግስ ይህችን “አፕ” አይቀበልም። ማወቅ፣ መውደድ፣ ማየት የሚያልቁበት ጫፍ የላቸውም። ስለዚህ “ላቭ አፕ” ወይም “ኖው አፕ” የሚል ነገር አትፍጠሩ።

እንግሊዞቹ ራሳቸው የሚያነሱት እንቆቅልሽ አለ። ቤት ሲቃጠል “በርን ዳውን” ይላሉ፣ ወረቀት ሲቃጠል “በርን አፕ”። ላይና ታች እንዴት አንድ ሆኑ? አንድ አልሆኑም። ቤቱ ተቃጥሎ መሬት ላይ ይወድቃል፤ “ዳውን” የምትናገረው ስለ መውደቁ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ተቃጥሎ ያልቃል፤ “አፕ” የምትናገረው ስለ ማለቁ ነው። “ስሎው አፕ” እና “ስሎው ዳውን” ግን ሁለቱም ፍጥነት ቀነሰ ናቸው። “ስሎው ዳውን”ን ብቻ ብትይዙ ይበቃችኋል።

መዝጋትና መሰብሰብ። “ሎክ አፕ” ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፣ “ዚፕ አፕ” ዚፑን ሳበ፣ “ላይን አፕ” ተሰለፈ፣ “ቲም አፕ” ተባበረ። እዚህ ገጽ ላይ ስትጽፉ “ኦፕን አፕ” ከፈተ መሆኑን ታዩና ትደናገጡ ይሆናል። አንዲት ቃል እንዴት ትዘጋለችም ትከፍታለችም? “ጥርቅም” እና “ወለል”ን አስታውሱ። አንዱ በደንብ ሲዘጋ፣ አንዱ በደንብ ሲከፈት ነው። “አፕ” “በደንብ” የሚለውን ብቻ ነው የያዘችው። መክፈቱንም መዝጋቱንም የሚናገረው ግሱ ነው።

መቅረብና ብቅ ማለት። “ሂ ዎክድ አፕ ቱ ሚ” ሲሉ ሰውየው ተጠጋኝ ነው፤ ዳገት አልወጣም። “ካች አፕ” ደረሰበት፣ “ሾው አፕ” እና “ተርን አፕ” ብቅ አለ። በአማርኛ ፀሐይም ብቅ ትላለች፣ ቡቃያም ብቅ ይላል፣ የጠፋ ጓደኛም ብቅ ይላል። ያው መንገድ ነው። ስብሰባ ላይ “ካም አፕ” ከተባለ ጉዳዩ ተነሳ ነው። “ብሪንግ አፕ” ጉዳዩን አነሳ ነው፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ አሳደገ። “ጉዳይ ተነሳ” ስንል እኛም ጉዳዩን ከመሬት እያነሳነው ነው።

ማበላሸት የሚባል ትንሽ ቤተሰብም አለ፤ “ሜስ አፕ” አበላሸ። ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ደረጃ 4፦ ተውላጠ ስምን መሃል አስገቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደንብ ይህ ነው። “መጽሐፉን አነሳ” ለማለት “ፒክ አፕ ዘ ቡክ”ም ይሆናል፣ “ፒክ ዘ ቡክ አፕ”ም ይሆናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። “አነሳው” ለማለት ግን አንድ ምርጫ ብቻ አለ፦ “ፒክ ኢት አፕ”። “ፒክ አፕ ኢት” ስህተት ነው። ኢት፣ ሂም፣ ኸር፣ ዜም የመሰሉት መሃል ይግቡ።

ሦስት ቃል ያላቸው ግን አይሰነጠቁም። “ሉክ አፕ ቱ ሂም” አክብሮ በአርአያነት አየው ነው። “ኪፕ አፕ ዊዝ ኸር” ከእሷ እኩል ሄደ። “ካም አፕ ዊዝ አን አይዲያ” ሐሳብ አፈለቀ። “ጊቭ አፕ ኦን ሂም” በእሱ ተስፋ ቆረጠ። እዚህ ላይ ተውላጠ ስሙ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ጊዜ የሚለወጠውም ግሱ ላይ ነው። “ሉክ አፕ” ትናንት ከሆነ “ሉክድ አፕ” ነው። “አፕ” ላይ ምንም አይቀጠልም።

ደረጃ 5፦ አጠገቧ ግስ ሲጠፋ

አንዳንዴ “አፕ” ያለ ሌላ ግስ ትመጣለች። ከፊቷ “ኢዝ” ወይም “አር” ብቻ ይኖራል። “ታይም ኢዝ አፕ” ጊዜው አልቋል። “ዘ ሲስተም ኢዝ አፕ” ሲስተሙ እየሠራ ነው። “ሳምሲንግ ኢዝ አፕ” የሆነ ነገር አለ፣ ነገር ሸተተኝ። “ዋት አር ዩ አፕ ቱ?” ምን እየሠራህ ነው?

“ኢት ኢዝ አፕ ቱ ዩ” በተለይ ይጠቅማችኋል። ምርጫው ያንተ ነው፣ አንተ ትወስናለህ ማለት ነው። ብዙ ሰው “አንተ ላይ ነው” ብሎ ይተረጉመውና እንደ ወቀሳ ይሰማዋል። ወቀሳ የለበትም።

ቁጥር ሲከተል “አፕ ቱ” እስከ ነው። “አፕ ቱ 50 ፐርሰንት” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ተጠንቀቁ። 50 በመቶ ጣሪያው ነው። 5 በመቶ ብቻ ቢቀነስላችሁም ማስታወቂያው አልዋሸም። ውል ስታነቡም ይህችን “አፕ ቱ” ሁለቴ እዩዋት።

“አፕ” ራሷ ግስ የምትሆንበትም ጊዜ አለ። “ዜይ አፕድ ዘ ፕራይስ” ዋጋውን ጨመሩ። የምወደው ግን “ሂ አፕ ኤንድ ሌፍት” የሚለው ነው። ማንም ሳይጠብቅ፣ ሳይናገር ሄደ ማለት ነው። አማርኛው “ብድግ ብሎ ሄደ” ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ለአንድ ዓይነት ድንገተኛ ሰው አንድ ዓይነት ሥዕል መረጡ።

ደረጃ 6፦ ብዙ ፊት ያላቸውን ለብቻ አጥኑ

ጥቂት ጥንዶች ራሳቸው ብዙ ትርጉም አላቸው። ለእያንዳንዱ ሙሉ ገጽ ይገባዋል። “ሜክ አፕ”ን ውሰዱ። ታሪክ ላይ ከሆነ ፈጠረ፣ ከልቡ አወጣ ነው። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ካሉ ታረቁ። ያመለጠ ሥራ ወይም ፈተና ከሆነ አካካሰ። ፊት ላይ ከሆነ ተኳኳለ። ክፍሎች ከሆኑ አንድን ነገር አቆሙት፣ መሠረቱት ነው። “ሜክ አፕ ዩር ማይንድ” ደግሞ ቁርጡን ወስን። የሚለየው ከኋላው የሚመጣው ስም ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ስሙን ጨምራችሁ ጻፉ።

“ብሬክ አፕ”ም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ አብራኝ ታጠና የነበረች ልጅ አንድ ቀን ስልክ ስታወራ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው “ዩ አር ብሬኪንግ አፕ” አላት። ክፉኛ ደነገጠች። እሷ የምታውቀው የፍቅረኛሞችን መለያየት ብቻ ነበር። ሰውየው ያለው “ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው” ነው። ስልክ ላይ ከሆናችሁ ይህን ትርጉም አስቀድሙ።

ስልክ ካነሳን አይቀር፣ “ሀንግ አፕ” ስልኩን ዘጋው ነው። ቃል በቃል ሰቀለው ማለት ነው። የድሮዎቹ የግድግዳ ስልኮች ማዳመጫው የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ነበራቸው። ሲሰቀል መስመሩ ይቋረጣል። መንጠቆው ጠፋ፣ ቃሉ ቀረ።

“ብሎው አፕ”፣ “ፒክ አፕ” እና “ሉክ አፕ”ንም በዚሁ መንገድ ራሳችሁ ሞክሯቸው።

ደረጃ 7፦ ስሙን ከግሱ ለዩ

ከእነዚህ ጥንዶች ብዙዎቹን አማርኛ ውስጥ አስገብተናቸዋል። ሜካፕ፣ ፒካፕ፣ ባክአፕ፣ ቼክአፕ፣ ፑሽአፕ፣ ስታርትአፕ። ሁሉም ስሞች ናቸው። በእንግሊዝኛ ስም ሲሆኑ ሁለቱ ቃላት ይገጥማሉ ወይም በሰረዝ ይያያዛሉ። ግስ ሲሆኑ ተለያይተው ይጻፋሉ። “ፋይሉን ባክ አፕ አድርግ” ብላችሁ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ስትጽፉ በመሃሉ ክፍት ቦታ ተዉ። “ባክአፑ የት አለ?” ስትሉ ግጠሙት።

ድምፁም ይለያል። ስም ሲሆን ጫናው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያርፋል፣ ግስ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ “አፕ” ጎላ ትላለች። ጮክ ብላችሁ ሁለቱንም አሥር አሥር ጊዜ በሉ። ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል።

ደረጃ 8፦ ጆሮን ማሠልጠን

ጽሑፍ ላይ ያወቅናትን “አፕ” በንግግር ሳንሰማት የምናልፈው ከፊቷ ካለው ድምፅ ጋር ስለምትጣበቅ ነው። “ጌት አፕ” የሚል የለም፤ “ጌታፕ” ነው የሚሉት። አሜሪካኖቹ ደግሞ “ት”ን ወደ “ድ” ስለሚያቀርቧት “ጌዳፕ” ይሆናል። “ፒክ ኢት አፕ” “ፒኪዳፕ” ይሆናል፣ “ሸት አፕ” “ሸዳፕ”።

የሁለት ደቂቃ ንግግር ከፍታችሁ አዳምጡ። ሌላውን ተዉት። “ታፕ”፣ “ዳፕ”፣ “ካፕ” የሚሉ ጭራዎችን ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ ጽሑፉን አውጥታችሁ ስንቱ እንዳመለጣችሁ እዩ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ብትሠሩት ለውጡን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ደረጃ 9፦ ለማን፣ የት

“ሸት አፕ” ከ“ዝም በል” ይብሳል፤ “አፍህን ዝጋ” ነው። በቀልድ ከቅርብ ጓደኛ ጋር ካልሆነ አትጠቀሙበት። “ቢ ኳየት፣ ፕሊዝ” ይሻላል። “ዋትስ አፕ?”ም ለእኩያ ነው። አንቱ ለምትሉት ሰው አይሆንም።

መደበኛ ጽሑፍ ላይ ብዙ ጊዜ “አፕ” ቦታዋን ለአንድ ቃል ትለቃለች። “ጎ አፕ” በማለት ፋንታ “ኢንክሪስ”፣ “ፑት አፕ ዊዝ” በማለት ፋንታ “ቶለሬት”፣ “ሰት አፕ” በማለት ፋንታ “ኢስታብሊሽ” ይጻፋል። በንግግር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁልጊዜ “ኢንክሪስ” የሚል ሰው መጽሐፍ እያነበበ ያለ ይመስላል።

እንግሊዝና አሜሪካም የሚለያዩበት አለ። “ዎሽ አፕ” ለእንግሊዙ ዕቃ ማጠብ ነው፣ ለአሜሪካዊው እጅና ፊት መታጠብ። “ኖክ አፕ” ደግሞ በእንግሊዝ በር አንኳኩቶ መቀስቀስ ሊሆን ይችላል፣ በአሜሪካ ግን ማስረገዝ ነው፣ ያውም በባለጌ አነጋገር። ይህን ጥንድ ስትሰሙ ይግባችሁ እንጂ ራሳችሁ አትናገሩት።

ደረጃ 10፦ ሳምንቱን እንዲህ ያዙት

በቀን ሦስት ጥንድ ብቻ ውሰዱ፣ ከአንድ ቤተሰብ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ አማርኛውን ጻፉ፤ “ላይ” የሚለው ቃል ክልክል ይሁን። ከዚያ ዛሬ በእውነት ያደረጋችሁትን ነገር የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሥሩ። ከዚያ ግሱን በተውላጠ ስም ድገሙት፤ “አይ ክሊንድ አፕ ዘ ሩም” ካላችሁ “አይ ክሊንድ ኢት አፕ” በሉ። በሰባተኛው ቀን አዲስ አትጨምሩ። አሥራ ስምንቱ ላይ የ“ግን ትንሽ ተረፈ”ን ሙከራ አድርጉና በተሳሳተ ገጽ የገባ ካለ አዛውሩት።

ለመጀመሪያው ቀን አንድ አጭር ጽሑፍ ይኸውላችሁ። አምስት “አፕ” አለው። አማርኛውን ሳታዩ ሞክሩት።

“አይ ዎክ አፕ ሌት። አይ ድራንክ አፕ ማይ ዋተር፣ ዚፕድ አፕ ማይ ጃኬት ኤንድ ራን። ዘ ባስ ኔቨር ሾውድ አፕ። አይ ኤንድድ አፕ ዎኪንግ።”

የእኔ ትርጉም ይህ ነው፦ “አርፍጄ ነቃሁ። ውሃዬን ጭልጥ አድርጌ፣ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ስቤ ሮጥኩ። አውቶቡሱ ብቅ ሳይል ቀረ። መጨረሻው በእግሬ መሄድ ሆነ።”